አውሮፕላን የጠፋበት ሳምንት፦ ከመካ መልስ በጅዳ

ከዑምራ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መካ ነው። ካዕባን ስታዪ ምን ተሰማሽ፣ ሕዝቡ እንዴት ነው፣ ሙቀቱን ቻልሽው ወይ ይሉኛል። የማውቀውን እመልሳለሁ። ስለ ጅዳ የሚጠይቀኝ የለም። ከጉዞዬ የረዘመው ግን የጅዳው ነበር፤ ስለዚህ እሱንም ጨምሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው አሰብኩ። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስቡም ሆኑ መቼም የማይሄዱ ጎረቤቶቼ ቢያነቡት አይከፋም።

ስሄድ ሁለት ጉዳይ ነበረኝ። አንዱ የራሴ ነው። ከትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሥራዬ በጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ዑምራ፣ ትንሹ የመካ ጉዞ፣ ነው። ሁለተኛው የታናሽ እህቴ የከድጃ ጉዳይ ነው። ልጇ ሉባባ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። እዚያው አግብታ አርግዛለች። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ሴቲቱ ሆዷ ሲገፋ ወደ እናቷ ትመጣለች፤ ወልዳ፣ አራስነቷን ጨርሳ ወደ ባሏ ትመለሳለች። ከድጃ ከጓዳው ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ኖራ አስቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ ሁሉን አሰናድታ ጨርሳ ነበር።

«እትዬ፣ ስትመለሺ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቀጥታ የሚበረው ትኬት ስለተወደደብን በሌላ አገር በኩል በሚያልፍ የውጭ አየር መንገድ ቆረጥን። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የመልሱን ለእኔና ለሉባባ ጎን ለጎን አስያዝን። የሉባባ ከፊል፣ ማለትም ያሠራት የነበረው ሰው፣ ከአገር መውጫ ወረቀቷን አስጨርሶላት ነበር። የቀረን መብረር ብቻ ነው ብለን ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ስለነበረ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነው የነዳው። ያን ቀን ብርድ ብዬ ያማረርኩትን ጅዳ ላይ ብዙ ጊዜ አስታወስኩት። አዲስ አበባ የወንድሜ ልጅ ዘንድ አደርኩ። ዓርብ ወደ ማታ ተሳፍረን የመሸጋገሪያው አገር አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ፣ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ያሰሩ የአየር መንገዱ ሠራተኞች መተላለፊያው ላይ ቆመው ለተሳፋሪው ወረቀት ይሰጣሉ። እኔም ተቀበልኩ። በአንድ ወገን በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ ብዬ ሳነበው ስለ ደመወዝና ስለ እረፍት ሰዓት ይናገራል። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ፈገግ ብላ «አዝናለሁ» አለችኝ። ለምን እንደምታዝን ያን ጊዜ አልገባኝም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ጅዳ በሚሄደው አውሮፕላን ውስጥ፣ ሚቃት፣ ዑምራው የሚጀመርበት ወሰን፣ ሊደረስ ነው ተብሎ በድምጽ ማጉያ ሲነገር የዑምራውን ኒያ አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ ዑምራው እስኪያልቅ ሽቶ አይነካም፣ ጥፍር አይቆረጥም። ወዲያው አስተናጋጇ ሽቶ ሽቶ የሚል የራሰ ሞቅ ያለ ፎጣ ለሁሉም ታድላለች። እጄን ደበቅሁ። አልገባትምና እጄን ስባ ፎጣውን ልታስይዘኝ ሞከረች። ኋላ ያለችው የሱዳን ሴት አንድ ነገር ስትነግራት ትታኝ ሄደች። እጄን ብዙ ጊዜ አሸተትኩ፤ ምንም የለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጅዳ ወርደን ከተመዘገብኩበት የዑምራ ቡድን ጋር በአውቶቡስ ወደ መካ ሄድን። ማረፊያችን ኩዳይ የሚባል ሰፈር ነው። ተራራው ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ሣር የለውም። እኛ አገር ተራራ ስንል ቢያንስ ቁጥቋጦ ያለበት ነው የሚመስለን። ሆቴሉ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው። ክፍላችን ውስጥ አራት ሴቶች ነን። ምግቡ በየቀኑ ሩዝ በዶሮ ነው፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ሽሮ ያማረኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ዑምራዬን፣ ካዕባን መዞሩንም በሁለቱ ኮረብቶች መሐል መመላለሱን፣ ሰዕዩንም፣ ቅዳሜ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ፈጸምኩ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። እብነ በረዱ ከእግር በታች ቀዝቃዛ ነው፤ ያን ሁሉ ፀሐይ ውጦ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አላውቅም። ዱዓ ሳደርግ ለሉባባ በሰላም መገላገል ለመንኩ። ቀኗ ገና ነው ብዬ ስላሰብኩ ነገሩን እንደ ሩቅ ነገር ነበር የለመንኩት።

እሑድ ከሐረም፣ ከታላቁ መስጊድ፣ ስመለስ የተሳሳተ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ኩዳይ የሚቆሙት አውቶቡሶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሰዉ ሁሉ ወርዶ ብቻዬን ስቀር ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። የፓኪስታን ሰው ነው፤ ቋንቋ አንግባባም። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የሆቴሉን ካርድ አሳየሁት። ተነፈሰና አውቶቡሱን ባዶውን አዙሮ በራፌ ድረስ አደረሰኝ። ስወርድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተሰናበተኝ። ኮምቦልቻ ባጃጅ እንኳ ካስፋልት ወደ ውስጥ ግባ ሲባል የሚያኮርፈውን አሰብኩ።

ሰኞና ማክሰኞን በሶላት አሳለፍኩ። ረቡዕ ቡድኑ ወደ መዲና ሲሄድ እኔ ወደ ጅዳ ወረድኩ። ሉባባና ባሏ ኑረዲን መናኸሪያው ላይ ጠበቁኝ። ኑረዲን ዝምተኛ የሐርቡ ልጅ ነው። በቀን ሥራ ዕቃ ይጭናል፤ ካራንቲና በሚባል ሰፈር ከሌሎች ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ተካፍሎ ይኖራል። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ የለውም፤ ስለዚህ ሲሄድ ግራና ቀኝ እያየ ነው የሚሄደው። ሉባባ ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ወዲህ ሩዋይስ በሚባል ሰፈር ሐዋ በምትባል ሴት ቤት ናት። ጥቁሩ አባያዋ ሰፊ ስለሆነ ሆዷ ጎልቶ አይታይም። አቅፌ ስስማት ግን ተሰማኝ። ከበድ ያለ ሆድ ነው። ስንት ወርሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። እርጉዝ ሴት እንዲህ ተብላ አትጠየቅም። ከድጃ «ሰባት ውስጥ ገብታለች» ያለችኝ ይበቃኝ ነበር።

ሐዋ የቦረና ሳይንት ሴት ናት። ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች በእረፍት ቀናቸው የሚያርፉባቸውን ሁለት ክፍሎች ታከራያለች። አሮጌ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እያለከለክሁ ስደርስ በሩ ላይ ቆማ ሣቀች።

«ማሻአላህ ሐጃ፣ ደረጃው ነው ሰዕይ የሚባለው፤ እዚያ የሮጡት ልምምድ ነበር» አለችኝ።

«ሐጃ አይደለሁም። ዑምራ ብቻ ነው ያደረግሁት።»

«እዚህ አገር ፀጉሩ የሸበተ ሁሉ ሐጃ ነው። አይከራከሩኝ፤ ይግቡ።»

ፉልና እንደ ጋቢ የሰፋ የአፍጋን ዳቦ አቀረበችልን። ከእኛ አምባሻ ሳሳ ይላል፤ ሲበሉት ግን ያጠግባል። ሉባባ ለበረራው ያወጣችውን የሐኪም ደብዳቤ አሳየችኝ። አየር መንገዱ እርጉዝ ሴት ያለ ደብዳቤ አያሳፍርም፤ ደብዳቤውም ከአንድ ሳምንት በላይ አያገለግልም። ቀኑን አየሁ፤ በዋዜማው፣ ማክሰኞ የተጻፈ ነው። በረራችን በማግስቱ ስለነበር ምንም አላሳሰበኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሻንጣ ስናስር የሉባባ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ በዓረብኛ ነው። ሐዋ ነበረች ያነበበችው።

«በረራው የለም ይላል። የአየር መንገዱ ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል። አዲስ ቀን እናሳውቃለን ይላል።»

«መቼ ነው የሚያሳውቁት?»

«እሱን አይልም።»

በስልክ በመጣ መልእክት በረራ ይሰረዛል ብዬ አላመንኩም። እንሂድና እንይ ብዬ ወጣን። ኑረዲን ወደዚያ ቅጥር መጠጋት ስለማይችል ቀረ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የእኛው አየር መንገድ መስኮት ፊት ሰው ተከምሯል። ዕቃው ላይ የተቀመጠ፣ የተኛ፣ የሚጣላ አለ። አንድ ሰውዬ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይጮኻል። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ወጣት ፊቱ ገርጥቷል።

«እኔ አድማ ላይ አይደለሁም፤ ይኸው እየሠራሁ ነው፤ አውሮፕላኑ ከዚያ ካልተነሣ ከየት ላምጣው?» ይላል ደጋግሞ።

ያን ጊዜ ነው ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ ያለኝ። አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ሰዎቹ የጠየቁት መብታቸውን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በረው ሳያርፉ እንደገና ይበራሉ ይላል። አላጠፉም። ከጎኔ ዕቃ ላይ የተቀመጠችውን ሉባባን ሳያት ግን እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏት በተረከዟ ረግጣዋለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ አልቻልኩም። ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። ከሰዓት በኋላ ዐስርን ሰግደን ወደ ሩዋይስ ተመለስን።

ዓርብ የሐዋ ቤት በልጆች ተሞላ። ከየመዳማቸው፣ ከየእመቤቶቻቸው፣ ቤት ለግማሽ ቀን የተለቀቁ ናቸው። እንግዳ መሆኔን ሰምተው እያንዳንዷ አንዳንድ ነገር ይዛ መጣች፤ ቴምር፣ ጭማቂ፣ አንዷ የቤት ጫማ። ከመካከላቸው አንዷ የሉባባን ሆድ አይታ «ደርሰሻል እኮ» አለች። ሐዋ ወዲያው «ተይ አንቺ፣ አፍሽን ያዢ» ብላ ቆጣችና ሌላ ወሬ አነሣች። እኔም ሐዋን በልቤ አመሰገንኳት። ሰው ሆድ ላይ ዓይኑን ጥሎ እንዲህ አይናገርም።

ቅዳሜ ከሐዋ ጋር ከተማ ውስጥ ወዳለው የአየር መንገዱ ቢሮ ሄድን። ቁጥር ይዘን ቁጭ አልን። ቢሮው ከመጠን በላይ ስለሚቀዘቅዝ ነጠላዬን ደራርቤ ለበስኩ፤ ውጭ ደግሞ አስፋልቱ ይፋጃል። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛዋ ጨዋ ናት። ሌላ አየር መንገድ ላይ ልታዛውረን እንደማትችል፣ ከፈለግን ግን የትኬቱን ገንዘብ እንደምታስመልስ ነገረችን። ሌላው ሁሉ ሞልቷል፤ የተረፈውም ለእኛ የሚቀመስ አይደለም። አድማው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቅናት።

«ነገም ሊሆን ይችላል፣ ወርም ሊሆን ይችላል። የነፍሰ ጡሯ ደብዳቤ ግን ከሳምንት ካለፈ አዲስ ታምጣ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቀቱ ገባኝ። የእኔም ቪዛ ማለቂያው ተቃርቦ ነበር። እዚያ አገር ቪዛ አልፎ መገኘት ቀላል እንዳልሆነ ሁሉም ይነግረኛል። እሑድ ከፈጅር ሶላት ጀምሮ የሉባባን ስልክ ይዤ ዋልኩ። ድምጽ ባሰማ ቁጥር አያለሁ፤ አንዴ የሰርግ ቪዲዮ ነው፣ አንዴ የካርድ ማስታወቂያ። አገሬ ብሆን ሄጄ የማነጋግረው ሰው አላጣም ነበር። እዚህ የምጠብቀው ማንን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ከድጃ ትደውላለች፤ «ምነው እትዬ፣ አሁንም?» ትለኛለች። አሁንም እላታለሁ።

ሰኞ ለአዲሱ ደብዳቤ ሉባባን ይዘን ወጣን። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈላት ካራንቲና ያለ ትንሽ ክሊኒክ ነበር፤ ጠይቀዋት ያለቻቸውን ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። ሐዋ ግን «እዚያ አልወስዳትም፤ የምታውቀኝ ጎበዝ የሱዳን ሐኪም አለች» ብላ ሌላ ዘንድ ወሰደችን። ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ በእድሜ ወደ እኔ የምትጠጋ ሴት ናት። ሉባባን አስተኝታ በማሽን ሆዷን ማየት ጀመረች። ብዙ ጊዜ ወሰደች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በዓረብኛ ጠየቀች፤ ሐዋ አስተረጎመችልኝ።

«ስንተኛ ወርሽ ነው ያልሽው?»

«ሰባት» አለች ሉባባ ጣሪያውን እያየች።

«ይህ ልጅ ዘጠኝ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች አዙሮ ተዘጋጅቷል። ደብዳቤ አልጽፍም። ጽፌ አውሮፕላን ላይ ብትወልድ ለአላህ ምን እላለሁ?»

ሐኪሟ ሉባባን ደግፋ አስነሣችና ውኃ ሰጠቻት። የታዘዘውን ቫይታሚን አስይዛ ሸኘችን። ውጭ ጥላ ፈልገን ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆምን።

«እውነቱ የትኛው ነው?» አልኳት።

«ሐኪሟ ያለችው ነው፣ አክስቴ።»

«ታውቂው ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? እማ ናት ሁለት ቀንሰሽ ተናገሪ ያለችኝ። ለቡዳ ዓይን ብላ። ለእሷም በስልክ ሳወራት የቀነስኩትን ነው የምላት፤ ሰው አጠገቧ ይኖራል ብዬ።»

«ለሐኪምም?»

«አንዴ ከተናገርኩት ወዲያ ለማን ብዬ ልለውጠው?»

ሐዋ ላቧን በሻርፗ ጠረገች። «እኔ እንኳን ቡዳ የሚሉትን ሰው ሲሆን ነው የማውቀው» አለች። «አንቺ ማሽኑን ጨመርሽበት።»

ሉባባ ሣቀች፤ ሣቋ ወዲያው ቆመ። እኔ ልቆጣት አልቻልኩም። ያደግነው እንዲሁ ነው። እናቴ እኛን ስታረግዝ ማንም ወሯን አያውቅም ነበር። አገር ቤት ይህ ጉዳት የለውም፤ አዋላጇ ሆዱን በእጇ ዳስሳ ነው የምታውቀው እንጂ የሴቲቱን ወሬ አትሰማም። እዚህ ግን የተናገሩት ቃል ወረቀት ላይ ይጻፍና ወረቀቱ ሰውን ያሳፍራል። አድማው ባይኖር ኖሮ ሐሙስ ዕለት ምንም ሳናውቅ ተሳፍረን ነበር።

ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ መልእክት መጣ። አድማው ተቋርጧል፤ በረራችን ረቡዕ ነው። ሐዋ አንብባ ስትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የጠበቅነው መልእክት ይህ ነበር፤ ማንም ግን ደስ አላለውም።

ለከድጃ እኔው ደወልኩ። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳት።

«አባያዋ ሰፊ ነው» አለች። «ደብዳቤው የመጀመሪያው አለ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ማን ገልጦ ያያታል?»

«መንገድ ላይ ቢይዛትስ?»

«የበኩር ልጅ አይቸኩልም። እትዬ፣ እዚያ ማን አላት? ባሏ ሆስፒታል በር እንኳ መድረስ የማይችል። ይዘሽልኝ ነይ። ሌላ አልልሽም።»

ኑረዲን ሲመሽ መጣ። ቁጭ ሳይል ነው የተናገረው።

«አክስቴ፣ የኒካሕ፣ የጋብቻ፣ ወረቀት አለን። የእኔ ኢቃማ ነው የሌለው። ሆስፒታል ውስጥ ባሏ ማነው ቢሉ እኔ ነኝ ብዬ ብቀርብ ፖሊሶች ይዘውኝ ነው የሚሄዱ። የእሷም መውጫ ወረቀት ቀኑ ካለፈ እሷም እንደኔ ትሆናለች። እርስዎ ይዘዋት ቢሄዱ ይሻለኛል። እርስዎ ካሉ አልፈራም።»

«እኔ አዋላጅ አይደለሁም» አልኩት።

«ይገባኛል።»

ሉባባ ልብሷን እያጣጠፈች ነበር። ቀና ሳትል «እኔ እናቴ ቤት ነው የምወልደው» አለች። እኔ እሺም እንቢም አላልኩም።

ረቡዕ ማለዳ ኑረዲን ሻንጣችንን ታክሲ ላይ ጭኖ መንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ። ሐዋ አብራን መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው የሳምንቱን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይዟል። የፊታችን ሰልፍ አያልቅም። ሉባባ አንዴ ወገቧን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች፤ ምን ሆንሽ ስላት «መቆሙ ነው» አለች። እኔ የማስበው የመሸጋገሪያውን አገር ነበር። ብዙ ሰዓት እዚያ እንጠብቃለን። የማውቀው ሰው የለም፤ ቋንቋውን አላውቅም፤ ሠራተኞቹ ደግሞ ገና ከአድማ መመለሳቸው ነው። እዚያ ወለል ላይ ብትይዛት ማንን እጠራለሁ? የከድጃን ክፍልም አሰብኩ። ሁለቱም በየተራ እየመጡ ተራችን ደረሰ።

መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ያው የሐሙሱ ነው። ደብዳቤውን ተቀብሎ ቀኑን አየና አለቃውን ጠራ። አለቃው ብዙ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ነው የተነጋገሩት፤ እኔም ተከታተልኩት።

«ቀኑ ያለፈው በእኛ ምክንያት ነው። ትለፍ» አለ አለቃው። ከዚያ ወደ ሉባባ ዞሮ በዓረብኛ ስንተኛ ወሯ እንደሆነ ጠየቃት።

«ሰብዓ» አለች። ሰባት ማለት ነው።

አያት። ከዚያ እኔን አየ። «ሐጃ፣ ልጅሽ ናት?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«የእህቴ ልጅ ናት።»

«ሰባት ነው?»

ሁሉ ነገር እጄ ላይ ነበር። አዎ ብል ሻንጣዋ ይሄዳል። በትምህርት ቤት በተማርኩት እንግሊዝኛ «ዘጠኝ ነው። ሐኪም እንዳትሄድ ብላለች» አልኩት።

ደብዳቤውን አጥፎ ለሉባባ መለሰላት። ትኬቷ እንደሚቆይላት፣ ከወለደች በኋላ ቀኑን በነጻ እንደሚቀይርላት ነገራት። ድምጹን ዝቅ አድርጎ በዓረብኛ፣ በጨዋነት ነው የነገራት፤ ሐዋ ተረጎመችልኝ። እሷ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ምን እንዳልኩት ግን ገብቷታል።

«አክስቴ፣ ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ።

«ሰውየው ጠየቀኝ።»

«እኔን ነው የጠየቀው። መልሼለት ነበር።»

እኔም ልቅር ብዬ አስቤ ነበር፤ ለሐዋም ነገርኳት።

«ቪዛዎ አልቆ ሁለታችሁንም ልደብቅ ነው?» አለች ሐዋ። የሉባባን ሻንጣ ከእጄ ወሰደችው። «አንቱ ይግቡ። እኔ አለሁ። ያላ ሉባባ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እግርሽ አብጧል፣ ቤት እንሂድ።»

ሉባባ ስትሰናበተኝ እጄን ብቻ ጨበጠች። አቀፍኳት፤ እንደ ቆመች ታቀፈች። ሁለቱ ሕዝቡ መሐል ገብተው እስኪጠፉ አየኋቸው።

የሉባባን ወንበር ወዲያው ለሌላ ሰጡት። አንድ ሰውዬ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ እንደተኛ ደረስን። የመሸጋገሪያው አውሮፕላን ማረፊያ ወለሉ በሙሉ በተኙ ሰዎች ተሸፍኗል። አንዲት አስተናጋጅ ያበጠ እግሬን አይታ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ወንበር ሰጠችኝ። አመሰገንኳት። አድማችሁ ምን አስገኘላችሁ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ቃሉ አልመጣልኝም።

ኮምቦልቻ ስገባ ከድጃ መናኸሪያ አልመጣችም፤ ልጅ ልካ ሻንጣዬን አስወሰደችልኝ። በማግስቱ ሄድኩ። ሻይ አቀረበችልኝ፤ የጉዞዬን ጠየቀችኝ፤ ስለ ሉባባ ግን አንድ ቃል አላነሣችም። ለሉባባ የተሰናዳችው ክፍል በር ዝግ ነበር። ከዚያ በኋላ አልጠራችኝም፤ እኔም ሳልጠራ አልሄድኩም።

የጅዳውን ወሬ የምሰማው ከሐዋ ነው። ሉባባን ይዛ ቀጥታ የድሮ አሠሪዋ መዳም ዘንድ ሄዳለች። መዳሟ የራሷን ባል፣ ከፊሉን፣ አሳምና የመውጫ ወረቀቱን አሰርዛላታለች፤ ኢቃማዋ ገና ጊዜ ነበረው። ልጅቷ ሲርባትና የተኛችበት ሲቆረቁራት እያየሁ አልሸኛትም ብላ ሉባባን የድሮ ክፍሏ ውስጥ አስተኝታታለች። ምጡ ሲመጣም ሆስፒታል ይዛት ገብታ ከጎኗ የቆመችው እሷው ናት። ወንድ ልጅ ነው። የተወለደው እኔ ከተመለስኩ ከሳምንት በኋላ፣ አሥር ቀን ሳይሞላ ነው። ኑረዲን ልጁን ያየው ሐዋ ቤት ሲያመጡለት ነው።

ወሬው በመጣ ዕለት ከድጃ ላከችብኝ። ስደርስ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። አራስ በሌለበት ቤት ገንፎ ተገንፍቶ ትልቁ ሳህን መሐል ላይ ቀርቧል፤ ክፍሏ በሯ ተከፍቶ አልጋው ከነአንሶላው ይታያል። ሴቶቹ እልል አሉ። ለእኔ ከከድጃ ጎን ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

«ልጁ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው የመጣው» አለች ከድጃ ሳህኑን እያየች። «እቤቷ ትደርስ ነበር።»

«ትደርስ ነበር ይሆናል» አልኳት።

ቅቤው ወደ እሷ በኩል ነበር የፈሰሰው፤ በማንኪያዋ ገንፎውን ሰንጥቃ ወደ እኔ በኩል አወረደችው። በላሁ።